የእንቁራሪቶቹ ቀለብ

ለይኩን የመጨረሻውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያነሳ በጠርሙሱ አፍ ዙሪያ ያለው ነጭ አቧራ ሲንቀሳቀስ አየ። አቧራ በራሱ አይንቀሳቀስም። አጉሊ መነጽሩን አምጥቶ ደግሞ አየ። የዶሮ ቅንቅን የሚመስሉ፣ ከዱቄት ቅንጣት እምብዛም የማይተልቁ ተባዮች ናቸው። በጠርሙሱ ውስጥ ያረባቸው፣ ክንፍ እያላቸው መብረር የማይችሉት ትንኞች አልቀዋል፤ እጮቻቸው እንደ ደረቀ ሊጥ ከመስተዋቱ ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል። ሌሎቹም ጠርሙሶች ያለቁት በዚሁ ሁኔታ ነበር። የፈላ ውሃ ሞላበትና ደጅ አስቀመጠው፤ ተባዩ ወደ ሌላ ነገር እንዳይሻገር እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ከዚያ ተቀምጦ ስለ ቅዳሜ አሰበ።

ከሲግናል ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ በተከራያት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከአልጋው ትይዩ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ የመስተዋት ሣጥን አለ። በውስጡ እርጥብ አፈር፣ ደረቅ ቅጠልና ጥቂት ተክል አለ፤ በቅጠሉ መካከል አምስት እንቁራሪቶች ይኖራሉ። እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት አንጓ አይበልጡም። ጥቁር ገላቸው ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ይመስላል። የአገራቸው ጫካ ደቡብ አሜሪካ ነው። እዚያ የሚኖሩት ዘመዶቻቸው ቆዳቸው መርዝ ነው፤ መርዙን የሚያገኙት ግን ከሚበሏቸው ነፍሳት ነው። በሣጥን ውስጥ ተፈልፍሎ ትንኝ እየበላ ያደገ እንቁራሪት ምንም መርዝ የለውም። የበላውን ይሆናል ማለት ነው።

ለይኩን የአፈር ቤተ ሙከራ ባለሙያ ነው። እንቁራሪቶቹን ያመጣቸው አብሮት ይሠራ የነበረ የውጭ አገር ተመራማሪ ነበር፤ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ የሚረከባቸው ጠፋ። ለይኩን ወሰዳቸው። በዚያ ሰሞን ከባለቤቱ ከጫልቱ ጋር ተፋትቶ ነበርና ቤቱ ባዶ ነበር።

ልጃቸው ሀዊ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር ጉርድ ሾላ ትኖራለች። በስምምነታቸው መሠረት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አባቷ ትመጣለች። መጀመሪያ ላይ ስትመጣ ጃኬቷን ሳታወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ምሳ በልተሻል ሲላት «እሺ» ትላለች፤ ትምህርት እንዴት ነው ሲላት «አላውቅም» ትላለች። እንቁራሪቶቹ ከገቡ በኋላ ግን ጃኬቷን አወለቀች። ስም አወጣችላቸው። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውለውን ረዳት አለችው፣ ታክሲ ላይ ተሳፋሪ የሚጠራ ስለመሰላት። የቀሩት ሹሩባ፣ እመቤት፣ ጄሊና ትንሿ ናቸው። ስለ እነሱ ታወራለች። ስለ እነሱ ስታወራ አልፎ አልፎ ስለ ሌላም ነገር ያመልጣታል፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለማትወደው አስተማሪ። ለይኩን ያኔ ያዳምጣል።

በቅርቡ ጫልቱ ደውላ ነበር።

«ስማ ለይኩን፣ ካሁን በኋላ አላስገድዳትም። ትልቅ ልጅ ናት። ስትፈልግ ትመጣለች፣ ካልፈለገች ትቀራለች።»

«እሺ።»

«ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ የምትመጣው ለእንቁራሪቶቹ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ጥሩ» አለችና ዘጋችው። በክፋት አልነበረም የተናገረችው። ያየችውን ነው የተናገረችው።

ለይኩን ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር ቢጠየቅ ቅዳሜን ነበር የሚለው። ቅዳሜ ያለው እንቁራሪቶቹ እስካሉ ድረስ ነው። እነሱ ደግሞ የሞተ ነገር አይበሉም፤ የሚንቀሳቀስ፣ ትንሽና ንጹሕ መሆን አለበት። ጥቂት ቀን መጾም ይችላሉ፤ ብዙ አይችሉም። የትንሿ ጀርባ አጥንት መታየት ጀምሯል።

መጀመሪያ የሄደው ሠፈሩ ውስጥ ወዳለው የቤኪ ጁስ ቤት ነው።

«ቤኪ፣ ትንኝ አለህ?»

ቤኪ ፓፓያውን መላጥ አቁሞ ዙሪያውን አየ። «ጋሽ ለይኩን፣ ቀስ በል እንጂ! ደንበኛ ተቀምጧል። ምን አድርጌህ ነው?»

«ለእንቁራሪቶቹ ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ጁስ ቤት ገብተህ ትንኝ አለህ ወይ!» ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «አለ። በጓሮ በኩል፣ አቮካዶ ልጣጩ ላይ። የፈለግከውን ያህል ዝገን። ማታ ማታ ፍሊት እነፋባቸዋለሁ፣ ጠዋት ደግሞ አዲስ ይመጣል።»

«ልጣጩ ላይ ነው የምትነፋው?»

«ታዲያ የት ልንፋው ጋሼ፣ ሰማይ ላይ?»

ለይኩን አመስግኖ ወጣ። እንቁራሪት ውሃ የሚጠጣው በቆዳው ነው። ፍሊት የነካ ልጣጭ ላይ የተራመደ ትንኝ በእግሩ የሚያመጣው እንጥፍጣፊ ለሰው ምንም አይደለም፤ ለእንቁራሪት ይበቃል።

ቀጥሎ ጉርድ ሾላ፣ እህል ነጋዴው ጠሀ ዘንድ ሄደ። የባቄላ ነቀዝ፣ ትንሹ ዓይነት፣ ለእንቁራሪት ይሆናል የሚል አንብቦ ነበር።

«ወንድሜ፣» አለ ጠሀ፣ «ሃያ ዓመት ስነግድ ሰው ነቀዝ የሌለበትን ባቄላ ነው ሲጠይቀኝ የኖረው። አንተ የማን ጠላት ነህ?»

«ነቀዙን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«እኔ መጋዘን ነቀዝ የለም። መድኃኒት ነው ያለው። አይሸትህም?»

ይሸታል። ለይኩን ወደ መጋዘኑ በር አንድ እርምጃ ተጠግቶ ተመለሰ።

ሌሎቹን በሐሳቡ አንድ በአንድ አያቸው። ጉንዳን አሲድ አለው። የቤት ዝንብ ከየት ተነሥቶ እንደመጣ አይታወቅም፣ መጠኑም አይሆንም። ምስጥ ለስላሳና ቅባት ያለው ጥሩ ምግብ ነው፤ በዚህ ቅዝቃዜ ግን ከመሬት አይወጣም። ከተማው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ከአንድ የተነፋ ነገር ጋር ይገናኛል። ከከተማው በላይ መውጣት ነበረበት።

በፈረንሳይ ሠፈር በኩል ታክሲ ይዞ፣ ከዚያ በእግሩ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣ። ጠበል የቀዱ ሰዎች ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ይወርዳሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ በባሕር ዛፉ መካከል፣ በቆርቆሮ የታጠሩ ትንንሽ ጓሮዎች አሉ። አንዱ ጓሮ ውስጥ ጎመን አየ፤ ግንዱ ወገብ የሚደርስ የቆየ ጎመን ነው። ቅጠሉን ገልበጥ ሲያደርግ ውስጡ በክሽክሽ ተሸፍኗል። ክሽክሽ ከሰሊጥ ያነሰ፣ ለስላሳ፣ የቅጠል ጭማቂ እየመጠጠ የሚኖር ተባይ ነው። ለገበሬ ጠላት ነው። ለትንሽ እንቁራሪት ከዚህ የተሻለ ጉርሻ የለም።

«ምን ፈልገህ ነው ልጄ?» አሉ አንዲት አሮጊት ከቤቱ ብቅ ብለው። ባላቸው ታመው ለጠበል ይዘዋቸው እንደመጡና ባላቸው ሲሞቱ እዚያው እንደቀሩ ለይኩን በኋላ ተረዳ። ስማቸው አገርነሽ ነው።

«ይቅርታ እማማ። ጎመንዎ ላይ ያለውን ክሽክሽ ልለቅም ፈልጌ ነው።»

«ጎመኑን ነው?»

«አይ፣ ክሽክሹን ብቻ። ጎመኑን አልነካም። እንቁራሪቶች አሉኝ፣ እነሱ ይበሉታል።»

አገርነሽ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ልትጠመቅ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም፣ ደኅና ነኝ።»

«እሱን ሁሉም ይላል» አሉ።

ለይኩን ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ መንገድ ላይ ሲያወጣ ሲያወርድ የመጣውን ጥያቄ ጠየቀ። መድኃኒት ተረጭቷል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ነበር፤ ተወው። እዚህ ተራራ ላይ መድኃኒት ብዙ ነገር ነው። ጠበሉ መድኃኒት ነው፣ ሥራሥሩ መድኃኒት ነው፣ ከጤና ጣቢያ የሚመጣው እንክብልም መድኃኒት ነው፤ ጠበል ደግሞ ይረጫል። መልሱ የተምታታ እንዳይሆንበት አንድ ትርጉም ብቻ ያለውን ቃል መረጠ።

«እማማ፣ ይኼ ጎመን ላይ መርዝ ተረጭቶ ያውቃል?»

«በስመ አብ!» አሮጊቷ አማተቡ። «መርዝ? የምንበላው ላይ? ኪዳነ ምሕረትን፣ መርዝ የሚባል ነገር እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም።»

ግልጽ ጥያቄ ነበር፣ ግልጽ መልስ አገኘ። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ክሽክሹን እየጠረገ ወደ ብልቃጥ ሞላ።

ቤት ሲደርስ ለሁሉም አልሰጠም። ጄሊን ለብቻዋ በትንሽ ዕቃ አስቀምጦ ጥቂት ክሽክሽ አቀረበላትና እስከ ማግሥቱ ጠበቀ። ጄሊ በላች፤ ዘለለች፤ ዓይኗ ጥሩ ነበር፣ እግሯን በደንብ ታጥፋለች። በማግሥቱ ለሁሉም ሰጠ። እንቁራሪቶቹ ከቅጠሉ ሥር ወጡ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አንዲቷን ነጥብ ያዩና፣ የኋላ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡና፣ ነጥቧ ትጠፋለች፤ ምላሱ ራሱ አይታይም። ረዳት ከጠገበ በኋላ መጮህ ጀመረ። ትንሿ እንደ ልማዷ በሌሎቹ እየተገፋች ከዳር የተረፈውን ለቀመች።

ቅዳሜ ሀዊ መጣች። ጃኬቷን ከበሩ ሳትርቅ ነው ያወለቀችው።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«ክሽክሽ።»

«ምን?»

«ክሽክሽ። የጎመን ተባይ ነው።»

«ክሽክሽ!» ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ስማቸው ራሱ ይበላል።»

ስለ አሮጊቷ ነገራት። «እሱን ሁሉም ይላል» ያሉት ጋ ሲደርስ ሀዊ ወንበሯ ላይ ተጣጥፋ ሳቀች፤ ለጓደኛዋ በስልክ ጻፈችላት፤ «አባቴ እብድ መሰላቸው» ብላ ስትጽፍ ጮክ ብላ እያነበበች ነበር። ወደ ማታ ስትወጣ፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ረዳት ሲውጥ እቀርጸዋለሁ፤ በስሎ ሞሽን፣ ምላሱ እንዲታይ። ብዙ ክሽክሽ አምጣ» አለችው። ደረጃው ላይ ሆና ደግሞ «ቻው አባዬ» አለች።

ብዙ ክሽክሽ አምጣ ብላዋለች። ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ጠዋት እንጦጦ ወጣ።

አገርነሽ ከሩቅ አይተውት ዱካ አወጡለት። «መጣህ? እኔማ ቀረህ ብዬ ነበር። ቁጭ በል እንጂ፣ ጎንበስ ብለህ ወገብህን ልትጨርስ ነው!»

ክሽክሹ አንሷል። በውጭው ቅጠል ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ ከመሐሉ፣ ገና ባልተፈታው ቅጠል እጥፋት ውስጥ ነው ያገኘው። ያገኘውም ዝግተኛ ነው፤ ብሩሽ ሲነካው ያን ያህል አይሸሽም። ለይኩን ይህን አስተዋለ። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ነበር፤ ሣሩ ላይ ነጩ ገና አልጠፋም። ብርድ ነፍሳትን ያዘገያል። ባሕር ዛፉ እንደ ሁልጊዜው ይሸታል፣ ሌላ ሽታ አያስጠጋም።

«እማማ፣ መርዝ የነካው ነገር የለም አይደል?»

«አሁንም መርዝ! ልጄ፣ ምን ነክቶሃል? ኪዳነ ምሕረትን አልኩህ እኮ። እንዲያውም ጎመኑ ተሽሎታል፣ አላየኸውም?»

«አይቻለሁ» አለ። በርግጥም ቅጠሉ ጸድቷል።

ቤት ሲደርስ ጄሊን ለብቻዋ አላወጣትም። ጓሮው ያው ጓሮ ነው፣ ባለቤቱም እኚያው አሮጊት ናቸው፣ መልሱም ያው ነው። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ በደንብ ከበሉ ነገ ለቀረጻው ንቁ ይሆናሉ፣ የተረፈው ደግሞ ለነገ ይቆያል። ክሽክሹን ላያቸው ላይ በተነው።

ረዳት ዝም ሲል ነው ቀና ያለው። ሰሐን እያጠበ ነበር። ሲጮህ የሚውል ነገር ዝም ሲል ቤቱ እንደተለወጠ ይሰማል። ወደ ሣጥኑ ሲሄድ ረዳት የኋላ እግሮቹን ዘርግቶ መስተዋቱ ሥር ተኝቷል፤ ሊያጥፋቸው ይሞክራል፣ ተመልሰው ይዘረጋሉ። እመቤት በጀርባዋ ወድቃ መገልበጥ አቅቷታል። ሹሩባ አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች። ለይኩን አንድ በአንድ አውጥቶ አስቀድሞ አፍልቶ ባቀዘቀዘው ውሃ አጠባቸው፤ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጣቸው፤ ደግሞ አጠባቸው። የቀረውን ክሽክሽ ለቅሞ አወጣ፤ አፈሩን በሙሉ ገለበጠ። የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ያወቀው ግን ምንም አልረዳቸውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ረዳት፣ ሹሩባ፣ እመቤትና ጄሊ ሞቱ። ከሞቱ በኋላም እግራቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

ትንሿ አልሞተችም። ስትገፋ ከዳር ሆና አንድም ሳይደርሳት ቀርቶ እንደሆነ፣ ወይም ደርሷት ትንሽ እንደሆነ፣ ለይኩን ሊያውቅ አልቻለም። እግሯ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማታውን አቆመ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሀዊ ከመምጣቷ በፊት፣ ወደ እንጦጦ ወጣ። ለምን እንደሚወጣ በደንብ አልለየውም፤ የሆነውን ሳያውቅ ለልጁ መናገር አልፈለገም፣ ያ ብቻ ነው።

«ዛሬም መጣህ!» አሉ አገርነሽ። «አሁንማ የሚለቀም የለም። አንድም አልቀረ።»

«እማማ፣ ጎመኑ ላይ ምን ተደርጎበት ነው?»

«መድኃኒት ነዋ!»

ለይኩን የቆርቆሮውን አጥር ያዘ።

«ጎረቤቴ ሊሊሳ አበባ እርሻ ነው የሚሠራው። እሱን ለምኜ በውሃ ላስቲክ ይዞልኝ መጣ። ራሱ በጥብጦ ረጨልኝ። ለአንተ ብዬ ነው እኮ።»

«ለእኔ?»

«አንድ የተማረ ሰው ከሲግናል ድረስ መጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ ጎመኔን በብሩሽ ያክማል፤ እኔ እጄን አጣጥፌ አያለሁ? አፈርኩ። እንቁራሪት ያልከውን ለይሉኝታ ያልከው መስሎኝ። የአሮጊት ጎመን ተበላሽቷል ላለማለት። በሚቀጥለው ሲመጣ ድኖ ይቆየው አልኩ።»

«መርዝ አልገባም ብለውኝ ነበር።»

«አልገባማ! መርዝ እኮ ሰው ለመግደል የሚገዛ ነው። ይኼ መድኃኒት ነው፣ የተክል መድኃኒት። መድኃኒት ብለህ ብትጠይቀኝ እነግርህ አልነበር?»

«ጎመኑን በልታችኋል?»

«እኛማ አልበላንም። ሊሊሳ ቶሎ እንዳትቀጥፉ ብሎናል። አንተም ክሽክሹን ነው እንጂ ጎመኑን አልወሰድክ።» ከዚያ ፊቱን አዩት። «ምነው? እንቁራሪቶችህ አልተስማማቸውም እንዴ?»

«ሞቱ እማማ።»

አገርነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሴትዮዋ አልዋሹም፤ እሱም በግዴለሽነት አልጠየቀም። ሊሊሳ ካለው ጊዜ በላይ ጨምረው እንዲቆዩ፣ ቅጠሉንም ደጋግመው እንዲያጥቡ ነገራቸው። ከዚያ ወረደ።

ጁስ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቤኪ ነገሩን ሰማና ራሱን ነቀነቀ። «መብራት ጠፍቶ ብርድ ገደላቸው በላት። መብራት እንደሆነ የማይጠፋበት ቀን የለ። ማን ይጠይቅሃል?»

«እሷ ትጠይቀኛለች» አለ ለይኩን።

ሀዊ ስልኳን ለቀረጻ አዘጋጅታ ገባች። ሣጥኑ ተጠርጎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ትንሿ ብቻ ተቀምጣ አየች። ሌሎቹን በትንሽ ካርቶን ውስጥ አስቀምጦላት ነበር፤ ማየት ብትፈልግ ብሎ። ካርቶኑን ከፈተች። አላለቀሰችም። ረዳትን በአንድ ጣቷ ነካችው፤ የተዘረጋውን እግሩን ልታጥፈው ሞከረች፣ እምቢ አላት።

«ማን ነው የገደላቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት?»

ምንም ሳያስቀር ነገራት። ውርጩን፣ የክሽክሹን መዘግየት፣ ጄሊን ለብቻዋ አለማውጣቱን፣ የአሮጊቷን መልስ። ሀዊ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ፣

«መርዝ ተረጭቷል ወይ ብለህ ነው የጠየቅካቸው?» አለች።

«አዎ። ሌላው ቃል ያምታታል ብዬ…»

«ማን ነው ለእሱ አዎ የሚልህ?»

ለይኩን ጨርቁን ሊያስተካክል ወደ ሣጥኑ ዞረ።

«እማዬንም እንደዚህ ነበር የምትጠይቃት። ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ እሰማ ነበር እኮ። 'በድዬሻለሁ?' ትላታለህ። 'አይ' ትልሃለች። ትተኛለህ። ማን ነው ለሱ አዎ የሚለው? ሲሪየስሊ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ደክሞሻል ወይ ብትላት ይበቃ ነበር።»

ከደጅ የመኪና ጥሩምባ ተሰማና አለፈ። ሀዊ የካርቶኑን ክዳን መለሰች።

«ትንሿን እወስዳታለሁ።»

«የት?»

«እኛ ቤት።»

«ምግቧ ሀዊ…» ብሎ ጀመረ፤ ልማድ ነው፣ ስለ ምግብ ከተነሣ ሐሳቡ በራሱ ይደረደራል። «ቤት ውስጥ የሚነፋ ነገር ካለ…»

«እማዬ አስም አላት። ፍሊት አታስነፋም። ሽቶ ራሱ አታስቀባኝም። ማእድ ቤት ሙዙ ሁሌ እየበሰበሰ ትንኝ ብቻ ነው ቤቱ፣ በፎጣ ነው የምናባርረው።»

ለይኩን ያውቃል። እዚያ ቤት ዓመታት ኖሯል። ጫልቱ ሌሊት ሌሊት ስትስል ትራሷን ከፍ ያደርግላት ነበር፤ የጎረቤት ፍሊት በመስኮት ሲገባ መስኮቱን የሚዘጋው እሱ ነበር። ጁስ ቤት ሄዷል፣ መጋዘን ሄዷል፣ ተራራ ወጥቷል። በከተማው ውስጥ ምንም እንደማይነፋበት በርግጠኝነት የሚያውቀው ቤት ያ ብቻ ነበር፤ ትንኞቹም እዚያ ነበሩ። አንድ ስልክ መደወል ይበቃው ነበር። እዚያ መደወል የሚባል ነገር ግን በሐሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ልጁ ትክክል ናት። ትንሿ እሱ ዘንድ ብትቀር ምን ትበላለች? እዚያ ብትሄድ ትኖራለች። ትንሿ እዚያ ካለች ደግሞ ሀዊ እዚህ የሚያመጣት የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አያቸው። ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም።

«እሺ» አለ።

ሀዊ ደወለች። «እማዬ፣ እንቁራሪት ላመጣ ነው… አንዷን… አይ፣ ሌሎቹ የሉም። ቆይ ስመጣ እነግርሻለሁ።»

ለይኩን ማድረግ ያለባትን አሳያት። የበሰለ ሙዝ በጠርሙስ ውስጥ፣ አፉ ላይ ስስ ጨርቅ። እነዚህኞቹ ይበራሉ፤ ስለዚህ ከመስጠቷ በፊት ጠርሙሱን ለጥቂት ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ታስገባው፣ ሲበርዳቸው ይረጋሉ። ሙዙን ከነልጣጩ እንዳታስገባ፤ ልጣጩ ላይ ምን እንደተረጨ አይታወቅም። ትንኞቹ ላይ የሚነሰነሰውን የካልሲየም ዱቄት በቁንጥጫ፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ። አዲስ ነገር ስትሰጥ መጀመሪያ ለአንዷ ብቻ ትንሽ ሰጥታ ታሳድር።

«አንድ ብቻ ስለሆነች ማሳደር አይቻልም» አለች ሀዊ። «የሚሞከርባት ሌላ የለም።»

«አዎ» አለ። «እንግዲያው አዲስ ነገር አትስጫት። ትንኙ ይበቃታል።»

ሣጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ ደረጃውን ወረደ፤ ሀዊ በሩን ይዛለት ቀደመች። የጠራችው ታክሲ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ወርዶ ሣጥኑን አየና «ዓሣ ነው?» አለ። ሀዊ አልመለሰችለትም። ከኋላ ተቀምጣ ጭኗን አመቻቸች፤ ለይኩን ሣጥኑን አስቀመጠላት። በሁለት እጇ ግራና ቀኙን ያዘችው። ትንሿ መስተዋቱ ላይ ተለጥፋ ነበር፣ ነጭ ሆዷ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

ስለሚቀጥለው ቅዳሜ ሊጠይቃት ጎንበስ አለ። ትመጪያለሽ ወይ ቢል የምትመልሰውን ያውቀዋል፤ እሺ ትለዋለች። ሌላ አጠያየቅ ፈለገ። የመኪናውን በር ይዞ ፈለገ።

«አባዬ፣ በሩን ዝጋው፣ ብርዱ እየገባባት ነው» አለች።

ዘጋው። መኪናው ወደ መገናኛ አቅጣጫ ወጣ።